ለልጃገረዶች ዓመታት የሰጠ ትምህርት ቤት

 የዛሬው ዝግጅታችን ስለ አንድ ትምህርት ቤት ነው። እቴጌ መነን ብንላችሁ አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ። ስድስት ኪሎ አካባቢ ያደገ ሰው ደግሞ የካቲት 12 ብሎ ይጠራው ይሆናል። ሁለቱም ያው አንድ ትምህርት ቤት ናቸው፤ ስሙ እንዴት እንደሄደና እንዴት እንደተመለሰ ቆየት ብለን እንደርስበታለን። በኢትዮጵያ ውስጥ መንግሥት ለሴቶች ልጆች ብሎ የከፈተው የመጀመሪያው ዘመናዊ ትምህርት ቤት ይህ ነው። አዳሪ ትምህርት ቤት መሆኑን ከወዲሁ ልብ በሉልን፤ የዛሬው ጨዋታችን የሚሽከረከረው በዚያ ላይ ነው።

ከዚያ በፊት ሴቶች ፊደል አይቆጥሩም ነበር ማለት አይቻልም። በመኳንንት ቤት ያደጉ ሴቶች ዳዊት ይደግሙ ነበር፤ እቴጌ ጣይቱ በትምህርታቸው የታወቁ ነበሩ። ጎጃም ውስጥ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ዓይነ ስውር ሆነው ቅኔ ተምረው፣ የአባታቸውን ወንበር ወርሰው፣ ወንዶች ደቀ መዛሙርትን አስተምረዋል። የእኚህ ሴት ስም እስከ ዛሬ በአድናቆት የሚነሣው ግን እንደሳቸው ያሉት እጅግ ጥቂት ስለነበሩ ነው። ምክንያቱን ለማወቅ የአብነት ተማሪን ኑሮ ማሰብ ይበቃል። ተማሪው ከቤቱ ወጥቶ፣ ከደብር ደብር እየዞረ፣ ኮቸሮ ለምኖ፣ ጎጆ ቀልሶ ነው የሚማረው። ዕውቀቱ ያለው ከቤት ርቆ ነው። ሴት ልጁን ለዚህ ኑሮ የሚለቅ አባት ከየት ይገኛል? እሷ እዚያው ትቀራለች፤ ውኃ ትቀዳለች፣ ታናናሾቿን ታዝላለች፣ ዕድሜዋ ደረሰ ሲባል ትዳራለች።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ገደማ በስማቸው የሚጠራውን ትምህርት ቤት ከፈቱ። ዕድሜያቸው ከስድስት ዓመት በላይ የሆነ ልጆች፣ ወንዶችም ሴቶችም፣ እንዲማሩ ማሳወጃቸውም በታሪክ ተጽፏል። አዋጁ ሴቶችን ቢጠራም የተከፈተው ትምህርት ቤት የወንዶች ነበር። በ1917 ዓ.ም. የተከፈተው የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤትም እንዲሁ። ሚስዮናውያን በየቦታው ጥቂት ልጃገረዶችን ሰብስበው ማስተማር ጀምረዋል። የመንግሥት የሴቶች ትምህርት ቤት የተቋቋመው ግን ከንግሥ በኋላ ነው። ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴና እቴጌ መነን ዘውድ የጫኑት ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ነው፤ ትምህርት ቤቱም ብዙ ሳይቆይ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1931፣ በእቴጌ መነን ስም ተከፈተ።

እቴጌ መነን አስፋው የአምባሰል ሰው ናቸው። አባታቸው ጃንጥራር አስፋው፣ እናታቸው የንጉሥ ሚካኤል ልጅ ወይዘሮ ስኂን ናቸው። ደሴ ያላችሁ አድማጮቻችን የምታውቁት የወይዘሮ ስኂን ትምህርት ቤት የተሰየመው በኚሁ እናታቸው ስም ነው፤ እናትና ልጅ ሁለቱም በትምህርት ቤት ስም ቀርተዋል። እቴጌይቱ ደጃዝማች ተፈሪን፣ የኋላውን ንጉሠ ነገሥት፣ በ1903 ዓ.ም. ሲያገቡ ገና ወጣት ነበሩ፤ ያን ጊዜ ግን ከቀደሙ ትዳሮቻቸው የወለዷቸው ልጆች ነበሯቸው። ገና በልጅነት መዳር ምን እንደሆነ ከማንም ሳይሰሙ ያውቁታል ማለት ነው። የትምህርት ቤቱን ነገር ስናነሣ ይህንን መርሳት የለብንም ብዬ አምናለሁ።

የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ትምህርት በፈረንሳይኛ ነበር። እንደ ዘመኑ ወግ ፈረንሳይኛ የዲፕሎማሲና የሥልጣኔ ቋንቋ ነው፤ የወንዶቹም ትምህርት ቤቶች ያስተምሩበት ነበር። ቀድመው የገቡት በአብዛኛው የመኳንንትና የቤተ መንግሥት ሹማምንት ልጆች ናቸው። ይህን አለባብሰን ማለፍ አይገባንም። ትምህርት ቤቱ ሲጀመር የደሃ ልጅ በር አልነበረም፤ ዓላማውም ቢሆን ተምረው ለሚመጡት ወጣት ሹማምንት የሚመጥኑ፣ ቤት ማስተዳደርና እንግዳ መቀበል የሚያውቁ ሚስቶችን ማዘጋጀትን ይጨምር ነበር። የሴት ትምህርት ጥቅሙ ለባሏ ነው የሚለው ሐሳብ እዚያ ግቢ ውስጥ ብዙ ዘመን ኖሯል። ያም ሆኖ አንዲት ልጅ መጽሐፍ ገልጣ ማንበብ ከቻለች በኋላ ምን እንደምታነብና ምን እንደምታስብ መወሰን ለማንም ቀላል አይሆንም።

ትምህርት ቤቱ አምስት ዓመት ያህል እንደሠራ ጠላት አዲስ አበባ ገባ። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። ፋሺስት ኢጣሊያ ለተማሩ ኢትዮጵያውያን ምን ያህል ምሕረት እንዳልነበረው የምታውቁት ነው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በኢጣሊያው እንደራሴ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከጣሉ በኋላ በአዲስ አበባ ሕዝብ ላይ የወረደው እልቂት፣ ውጭ አገር ተምሮ የመጣውን ወጣት ሁሉ እየለቀመ ያደነ ነበር። ቦምቡ የተጣለበት ግቢ ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለበት የቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው፤ ከትምህርት ቤታችን ሠፈር ሩቅ አይደለም። በነዚያ አምስት ዓመታት የእቴጌ መነን ትምህርት ተቋረጠ።

አሁን ስለ አንዲት ሴት ላውጋችሁ። የዚህን ትምህርት ቤት ታሪክ ያለሳቸው መናገር አይቻልም።

ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ ናቸው። አባታቸው ራሳቸው በውጭ አገር የተማሩ፣ የጎንደር ከንቲባ የነበሩ፣ ለትምህርት ትልቅ ፍቅር የነበራቸው ሰው ናቸው። ልጃቸውን በልጅነታቸው ወደ ስዊዘርላንድ ልከው አስተማሩ። ዘመኑን አስቡት፤ ለሴት ልጅ ባሕር መሻገር ቀርቶ መንደር መሻገርም ብርቅ በሆነበት ጊዜ ነው። ወይዘሮ ስንዱ ተመልሰው ብዙም ሳይቆዩ ጦርነቱ ደረሰ። ወደ ምዕራብ ከሄዱት የጥቁር አንበሳ አርበኞች ጋር ተሰለፉ፤ ቁስለኛም ረዱ። በኋላ ተማርከው ኢጣሊያ ውስጥ ወደምትገኘው አዚናራ ደሴት ተጋዙ። ብዙ የኢትዮጵያ መኳንንትና ምሁራን በግዞት የተሠቃዩባት ደሴት ናት።

ከግዞት የተመለሱት እኚህ ሴት ከነፃነት በኋላ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት መምህርት፣ ቀጥሎም ዳይሬክተር ሆኑ። በዚያ ወንበር ላይ የተቀመጡ የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ናቸው። ከሳቸው በፊት ተማሪዎቹ በሥልጣን ላይ የሚያዩዋት ሴት የውጭ አገር ሰው ነበረች። አሁን ግን ነጠላ የለበሰች፣ አማርኛ የምትናገር፣ የጠላትን እስር ያየች ሴት ትምህርት ቤታቸውን ትመራለች። ልጃገረዶቹ በየቀኑ ሰልፍ ላይ እያዩ የሚማሩት ይህንንም ነው። ወይዘሮ ስንዱ በ1942 ዓ.ም. «የልቤ መጽሐፍ»ን አሳትመዋል። ተውኔትም ይጽፉ ነበር፤ የሚጫወቱላቸው ተማሪዎቻቸው ናቸው።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል። በዚያ ዘመን በአገራችን መድረክ የሴት ገጸ ባሕርይ የምትገባው ወንድ ቀሚስ ለብሶ ሲጫወት ነበር። ሴት ልጅ አደባባይ ወጥታ መጫወቷ ነውር ይባል ነበርና። በሴቶች ትምህርት ቤት ውስጥ ግን ወንድ የለም። ንጉሡንም፣ አርበኛውንም፣ ሽማግሌውንም የምትሆነው ሴት ናት። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ማዘዝ፣ ጎራዴ ይዛ መፎከር፣ በሕዝብ ፊት ረጅም ንግግር ሳትንተባተብ መጨረስ አለባት። ከቤቷ «ዝግ በይ፣ አንገትሽን ድፊ» እየተባለች ላደገች ልጅ ይህ ምን ያህል ትልቅ ትምህርት እንደነበር መገመት አይከብድም። በሥርዓተ ትምህርቱ ውስጥ ከተጻፈው ሁሉ ይልቅ እኔን የሚገርመኝ ይሄ ነው።

ወይዘሮ ስንዱ ራሳቸውም ከትምህርት ቤቱ ወጥተው ወደ ሌላ መድረክ ሄዱ። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ሕዝቡ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላትን እንዲመርጥ ፈቀደ። ከዚያ በኋላ በተደረገው የመጀመሪያው ምርጫ በአዲስ አበባ ተወዳድረው አሸነፉ፤ በኢትዮጵያ ፓርላማ የተቀመጡ የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ፤ የምክር ቤቱ ምክትል ፕሬዚዳንት ሆነውም ተመረጡ። ትናንት «እትዬ» እያሉ በፊታቸው ቆመው ትምህርት የተቀበሉ ልጆች ዛሬ ስማቸውን ከፓርላማ በሬዲዮ ይሰማሉ።

ወደ አዳሪዎቹ ኑሮ እንግባ። ከነፃነት በኋላ የማስተማሪያው ቋንቋ እንግሊዝኛ ሆነ፤ መጽሐፍም መምህርም እጅግ ያንስ ነበር። ቀስ በቀስ ግን ተማሪዎቹ ከመኳንንት ቤት ብቻ የሚመጡ መሆናቸው ቀረ። ከየጠቅላይ ግዛቱ በትምህርታቸው የተመረጡ ልጆች መጡ። አንዷ ሳጥኗን ይዛ ከወለጋ፣ ሌላዋ ከሐረር፣ ሌላዋ ከጎንደር። አዳሪ የሆናችሁ ታውቁታላችሁ፤ ከቤት ከወጡ በኋላ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ልቅሶ ነው። ሁሉም ነገር በደወል ነው፤ መነሣቱ በደወል፣ ቁርሱ በደወል፣ የማታው ጥናት በደወል፣ መብራት ማጥፋቱም በደወል። ልብስ አጥቦ መተኮስ፣ አልጋ አስተካክሎ ማንጠፍ፣ ደንብ ልብስ ለብሶ መሰለፍ አለ። ቅዳሜና እሑድ ዘመድ ያላት ዘመድ ይጠይቃታል፤ የሩቅ አገር ልጅ ደግሞ የጓደኛዋን እናት እናቴ እያለች ትለምዳለች። በመኝታ ቤቱ ኦሮምኛ፣ ትግርኛ፣ አማርኛ፣ ጉራጊኛ ይደባለቃል። ከጎን ለጎን አልጋ የተዋወቁ ልጆች በኋላ አንዷ የሌላዋን ልጅ ክርስትና እያነሣች ይዛመዳሉ። በበዓላት ንጉሠ ነገሥቱ በየትምህርት ቤቱ እየዞሩ ለልጆች ስጦታ መስጠታቸው የዚያ ዘመን ተማሪዎች ሁሉ ትዝታ ነው።

ትምህርቱስ? ሒሳብ፣ ሳይንስ፣ ታሪክ፣ ቋንቋ እንደ ወንዶቹ ይማራሉ። ከዚያ ላይ ስፌት፣ ጥልፍ፣ የምግብ ዝግጅት፣ ባጠቃላይ የቤት አያያዝ ትምህርት ይጨመርባቸዋል። ይህ የቤት አያያዝ ትምህርት ብዙ ተወቅሷል። ወንዶቹ ተጨማሪ ሰዓታቸውን በሒሳብና በሳይንስ ሲያሳልፉ ሴቶቹ ጥልፍ ላይ መዋላቸው በማትሪክ ፈተና ዋጋ አስከፍሏቸዋል የሚል ክርክር አለ። ክርክሩ እውነት አለው ብዬ አስባለሁ። በሌላ በኩል ግን ልጅቷን ከቤት ያወጣት አባት የተስማማው «ባልትናም ይማራሉ» ስለተባለ ነው። ለብዙ ቤተሰብ ያ ትምህርት ለሌላው ትምህርት የተከፈለ መግቢያ ዋጋ ነበር።

ዋናው ነገር፣ አድማጮቻችን፣ ጊዜ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለሴት ልጅ የጋብቻ ዕድሜ አድርጎ የደነገገው 15 ዓመት ነበር፤ ለወንድ 18። እንግዲህ አስሉት። አንዲት ልጅ በ15 ዓመቷ ብትዳር ትምህርቷ የሚቆመው ገና ስምንተኛ ወይም ዘጠነኛ ክፍል ላይ ነው። አዳሪ ትምህርት ቤት ያለች ልጅ ግን እስከ 18 ዓመቷ ድረስ ከሽማግሌ ልመና፣ ከእንስራ፣ ከእናቷ ጓዳ ርቃ ትቆያለች። «ሴት ምን ብታውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለው አባባል ማንም ሳይከራከረው በሚነገርበት አገር፣ የእቴጌ መነን አልጋ ለአንዲት ልጅ ሦስትና አራት ተጨማሪ ዓመት ሰጥቷታል። ሕጉ የተለወጠው በ1992 ዓ.ም. በወጣው የቤተሰብ ሕግ ነው፤ ያን ጊዜ ለወንድም ለሴትም 18 ሆነ። ትምህርት ቤቱ ሕጉን በብዙ ዐሥርት ዓመታት ቀድሞት ነበር።

እነዚህ ልጆች አድገው የት ሄዱ ለሚል፣ በጎረቤታቸው ያለው ግቢ መልሱን ይዟል። በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተከፈተ፤ በ1954 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ገነተ ልዑልን ለዩኒቨርሲቲው ሰጡ። ከመጀመሪያዎቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መካከል ሴቶቹ በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። እየዋለ እያደረ ግን ነርሶች፣ አስተማሪዎች፣ ጸሐፊዎች፣ ሐኪሞች፣ የመንግሥት ሠራተኞች ሆነው ከሴቶች ትምህርት ቤት የወጡ ኢትዮጵያውያት በየመሥሪያ ቤቱ መታየት ጀመሩ። እቴጌ መነን ይህንን ጅምር አይተው የካቲት 8 ቀን 1954 ዓ.ም. ዐረፉ።

ከዩኒቨርሲቲው ጋር መጎራበት ሌላም ነገር አመጣ። «መሬት ለአራሹ» ብሎ የተነሣው የተማሪዎች እንቅስቃሴ ከስድስት ኪሎ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ወረደ። በ1961 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች በተማሪ ዐመፅ ተናወጡ። ለቤት እመቤትነት ትዘጋጃለች የተባለች ተማሪ ስለ ገባርና ስለ ባላባት፣ ስለ እኩልነትና ስለ ነፃነት የሚከራከር ትውልድ አካል ሆነች። ከዚያ በኋላ አብዮቱ መጣ። በ1967 ዓ.ም. የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ከዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ጋር በእድገት በኅብረት የእውቀትና የሥራ ዘመቻ ወደ ገጠር ተላኩ። ሴቶቹም ዘመቱ፤ ገበሬ ቤት አደሩ፣ ፊደል አስቆጠሩ። ቀጥሎ የመጣው የቀይ ሽብር ዘመን የዋና ከተማዋን ወጣት እንዴት እንደቀጠፈ የሚመሰክሩ፣ ዛሬም እንባቸው ያልደረቀ እናቶች አሉ፤ በዚህ ዝግጅት አሳጥሬ የማልፈው ስላነሰብኝ አይደለም።

የዘውዱ ስሞች ከየቦታው ተነሡ። ተፈሪ መኮንን እንጦጦ ተባለ፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሆነ፤ እቴጌ መነን ደግሞ በሰማዕታቱ መታሰቢያ ቀን የካቲት 12 ተባለ። በኋለኞቹ ዓመታት ወንዱም ሴቱም በአንድነት የሚማርበት የመንግሥት ትምህርት ቤት ሆኖ ቆየ፤ በዚያ ስም ተምረው የወጡ ብዙ ሺህ ሰዎች የካቲት 12ን ይወዱታል፤ መብታቸው ነው። በቅርብ ዓመታት ግን የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ትምህርት ቤቱን በቀድሞ ስሙ መልሶ፣ በትምህርታቸው ብልጫ ያሳዩ ልጆች የሚገቡበት የልጃገረዶች አዳሪ ትምህርት ቤት አድርጎታል።

አዳሪነቱ መመለሱ ልቤን ደስ ያሰኘው ገጠሩን ሳስብ ነው። ዛሬ በብዙ የወረዳ ከተሞች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አለ። የገጠር ልጅ ዘጠነኛ ክፍል ስትገባ ከተማ ትወርዳለች። ከሦስት አራት ጓደኞቿ ጋር ጠባብ ክፍል ትከራያለች፤ ቅዳሜ አገሯ ሄዳ እንጀራና ሽሮ ተሸክማ ትመለሳለች፤ ሐሙስ ሲደርስ እንጀራው ይደርቃል ወይም ይሻግታል። ማታ ለብቻዋ መውጣት ያስፈራታል። የወር አበባዋ ሲመጣ የምትታጠብበት ውኃና በር የሚዘጋ መጸዳጃ ቤት ካጣች ከክፍል ትቀራለች። ዘመድ ጋ ተቀምጣ የምትማረዋ ደግሞ ብዙ ጊዜ የዘመዷ ሠራተኛ ትሆናለች፤ ሕፃን አዝላ፣ ወጥ ሠርታ፣ ዕቃ አጥባ ደብተሯን የምትከፍተው ቤተሰቡ ከተኛ በኋላ ነው። ፈተና ላይ የወደቀች ቀን «ሴት ልጅ ድሮም» ትባላለች። የወደቀችበትን ምክንያት ግን የቤቱ ሰው ሁሉ ማታ ማታ ሲያየው ኖሯል።

እናም በየወረዳው የልጃገረዶች ማደሪያ ቤት መሥራት ክፍል ከመጨመር እኩል ሊታይ ይገባል ብዬ እከራከራለሁ። ቀበሌም፣ ዕድርም፣ የተማሪ ወላጆች ኮሚቴም ይችለዋል። ሁለት ክፍል ቤት፣ የሚቆለፍ በር፣ መብራት፣ ውኃ፣ እንጀራ የምትጋግር አንዲት እናት። ተማሪዎቿ ከየቀበሌያቸው ጤፉን ወይም በቆሎውን ያመጣሉ። ለዚህ የቤተ መንግሥት ገንዘብ አያስፈልግም።

ከመለያየታችን በፊት አንድ ልመና አለን። በእቴጌ መነን ወይም በሌላ የሴቶች አዳሪ ትምህርት ቤት የተማሩ እናት፣ አክስት፣ አያት ያላችሁ ልጆች፣ ስልካችሁን ከፍታችሁ ድምፃቸውን ቅዱ። ከቤት ሲወጡ ሳጥናቸው ውስጥ ምን እንደነበረ፣ የጎን አልጋቸው የማን እንደነበር፣ የትኛው ተውኔት ላይ ማንን ሆነው እንደተጫወቱ፣ ለማትሪክ ሲያጠኑ መብራት ከጠፋ በኋላ ምን ያደርጉ እንደነበር ጠይቋቸው። እንዲማሩ የተከራከረላቸው ማን ነበር? አይሆንም ያለውስ? የትምህርት ቤት ፎቶግራፍ ካላቸው ከጀርባው የሁሉንም ስም በእርሳስ እንዲጽፉላችሁ አድርጉ።